የለመለመው ቀሚስ

ወንድሜ ንጋቱ ወደ ሳዑዲ ሲሻገር ጀልባዋ ባሕር ላይ ተገለበጠች። ከአደጋው የተረፈ ጓደኛው ደውሎ አረዳን። እናቴ ግን «ሬሳውን ሳላይ ከል አልለብስም!» አለች። ንጋቱ ሊሄድ ሲል የገዛላትን ቢጫ ቀሚስ አላወልቅም ብላ ድርቅ። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ የሰፈራችን ሴቶች «ልጇን ባሕር በልቶት እሷ ሰርገኛ መስላ ትዞራለች» እያሉ አሟት። ምላሳቸው ይቆረጥ!

እኔ ጨርቅ ነክሬ ሰቆጣ ገበያ እየሸጥኩ ነው የምኖረው። ያን ሰሞን ከቀለም ነጋዴዋ ከፋኢዛ ሱቅ ኢንዲጎ የሚሉትን ሰማያዊ ቀለም አምጥቼ በአሮጌ ጨርቅ ላይ እሞክር ነበር።

«እማ፣ ቀሚሱን ልንከርልሽ፤ ቢጫም አይሆን፣ ከልም አይሆን» አልኳት። ሐሜቱ ጋብ ይላል ብዬ ነው። ስንት ለምኛት እሺ አለች።

ቢጫ ላይ ሰማያዊ ሲደረብ አረንጓዴ ይወጣል። እኔ አውቃለሁ፣ እናቴ አታውቅም። ከነከርኩበት እንስራ ሳወጣው እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ለመለመ! ማስተዋል፣ እይው፣ ለመለመ! ልጄ በሕይወት አለ!»

ከዚያ የመርዶ ስልክ ወዲህ ስትስቅ ገና ማየቴ ነው። ታዲያ እንዴት ብዬ ቀለም ነው ልበላት?

ከዚያ በኋላ ልምላሜው እንዲጠነክርላት በየሳምንቱ «ድገሚልኝ» ትለኝ ጀመር። በደገምኩት ቁጥር ቢጫው እየተዋጠ ሄደ።

«ይበቃዋል እማ፣ እየጠቆረ ነው።»

«አንቺም እንደነሱ ሞቷል ልትዪኝ ነው?»

ነከርኩት። ምን ላድርግ?

እሑድ ያንኑ ለብሳ ከቤተ ክርስቲያን አብረን ስንመለስ፣ ጎረቤታችን ሸጌ ከሩቅ አየቻት። ቀሚሱ ፀሐይ ላይ እንኳ ከከል አይለይም። ሸጌ እናቴ በመጨረሻ መሞቱን አምና ከል የለበሰች መሰላት።

«ወይኔ ንጋቱ! ወይኔ የኔ አንበሳ!» ብላ ደረቷን መታች። ሌሎቹም ከየደጃቸው እየሮጡ መጡ፤ አፍነውት የከረሙትን ልቅሶ አቀለጡት። ሲያሟት የከረሙት እነሱው ናቸው፤ እንባቸው ግን የእውነት ነበር። እሱ ነው አንጀቴን የበላው።

እናቴ መሃላቸው ቆማ ግራ ቀኝ አየች።

«ለማን ነው የምታለቅሱ?»

ልቅሷቸው ባሰ። ወደ እኔ ዞረች።

«ማስተዋል፣ ቀሚሴ መልኩ ምን ዓይነት ነው?»

አረንጓዴ ነው ልላት ፈልጌ ነበር።

«ጥቁር ነው፣ እማ።»

ጎንበስ ብላ ቀሚሷን አየችው፤ ጫፉን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቃ ለበሰች።