ቆሞ የቀረው ነጠላ

በቤታችን ጠዋት ጠዋት የሚጸልየው ነጠላዬ ነበር። እኔ አልነበርኩም። ይህን ለባሌ አልነገርኩትም፤ እናቴም ሳትሰማ አረፈች። አሁን የምጽፈው ደፋር ሆኜ አይደለም። ሰው ዓይን ዓይኔን እያየኝ ከምናገረው ብጽፈው ስለሚቀለኝ ነው።

የተጀመረው አንድ ሰኞ ነው። ደብረ ብርሃን የምንኖርበት ግቢ ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ቀድሞ የሰማ ይጣራል፣ ሌላው ጀሪካኑን ይዞ ይሮጣል። ያን ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሬ ጸሎት ይዣለሁ። የምደግመው ጸሎት በየዕለቱ የተከፈለ ነው፤ የሰኞው ለሰኞ ነው፣ የማክሰኞው ለማክሰኞ። የሰኞውን ገና ከመጀመሬ የጎረቤታችን የእማማ ደብሪቱ ድምፅ ተሰማ።

«አስካለ፣ ውሃ መጣ።»

«መጣሁ እማማ» አልኩና ከነጠላው ውስጥ ጎንበስ ብዬ ወጣሁ።

ጀሪካኖቹን ሞልቼ ስመለስ ነጠላው አልወደቀም። በቆምኩበት ቦታ፣ በእኔ ቁመት፣ በእኔ ትከሻ ልክ ቆሟል። ራስ የሚሆነው በኩል በትንሹ አቀርቅሯል። ጥለቱ እንደ ወጉ ወደ ታች ሆኖ ጉልበቴ በሚሆንበት ከፍታ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከዚያ በታች ወለሉ ብቻ ነው የሚታየው። ከውስጡ የሰኞው ጸሎት በእኔ ድምፅ፣ ዝግ ብሎ ይሰማል።

የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግኩት ከላይ ክር ወይም ሚስማር መፈለግ ነው። አልነበረም። እጄን ከሥሩ ሰደድኩ፤ ባዶ ነው። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የእኔ ስለነበር ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ለምሳ ስመለስ ነጠላው ታጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

በማግስቱ ራሴ ልጨርስ ብዬ ነበር። ወተቱ ገነፈለ። በሌላው ቀን ስልክ ጮኸ፤ የተማሪ ወላጅ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚጠራኝም አላስፈለገኝ። ሽንኩርት ማለቁ ትዝ ሲለኝ እወጣለሁ። ያላረምኩት የፈተና ወረቀት ትዝ ሲለኝ እወጣለሁ። አንድ ቀን የወጣሁት የመጋረጃው ጫፍ ተንሻፎ ስላየሁ ነው። ሁሉም ትንንሽ ነገር ነበር፤ ትንሽ ስለሆነም ቶሎ እመለሳለሁ እላለሁ። ነጠላው ደግሞ ቆሞ ስለሚጠብቅልኝ የሚያስቸኩለኝ አልነበረም። እየቆየ መልበሱንም ተውኩት። ከወንበሩ ላይ አንስቼ አራግፈዋለሁ፣ እሱ ይቆማል፣ እኔ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ባሌ መኩሪያ የምጸልይበትን ጥግ በሚከልለው መጋረጃ በኩል ሲያልፍ ጫማውን አውልቆ በእጁ ይይዛል። አንድ ጠዋት ከነጠላው ጀርባ ቆሞ ሸሚዙ የት እንዳለ በሹክሹክታ ጠየቀ፤ መልስ ሲያጣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» ብሎ ወደ ጓዳ መጣ። እኔ ጭልፋ ይዤ ቆሜያለሁ።

«መቼ ጨረስሽ?»

«አሁን» አልኩ።

መኩሪያ የሚያምን ሰው ነው። ለጓደኞቹ «እሷ ጸሎት ላይ ስትሆን ጣሪያው ቢነቀል አትዞርም» ይላቸዋል። እውነቱን ነው፤ ነጠላው አይዞርም።

በዚህ ሁኔታ እያለን ታናሽ እህቴ ስንዱ ከገጠር ለሕክምና መጣች። እንቅርቷ እያደገ ሄዶ የአየር ቧንቧዋን ተጭኖታል፤ በጀርባዋ ስትተኛ ትንፋሿ ያጥራታል። ሐኪሙ መውጣት አለበት ብሏል፤ ቦታው አስጊ መሆኑንም አልደበቀም። ስንዱ ወጥታ ወርዳ ልጆች ያሳደገች ሴት ናት፣ ቢላዋ ግን ትፈራለች።

«ይኼን አንገቴ ላይ ይዤ ነው የተዳርኩት» ትላለች። «ቢቀር እኮ ባሌ አያውቀኝም።»

ሳሎን አነጠፍንላት። ጠዋት ከመጋረጃው ጀርባ የእኔን ድምፅ ስትሰማ ተነስታ ትቀመጥና እጆቿን ታጣምራለች። አንድ ቀን ቁርስ ላይ እጄን ያዘችኝ።

«እትዬ፣ ስሜን እየጠራሽልኝ ነው አይደል? የክርስትና ስሜን ነው። ወለተ ሐና። ስንዱ ብለሽ ብትጠሪኝ ‹የቷ ስንዱ› ተብሎ ይመለስብኛል።»

«እየጠራሁልሽ ነው» አልኩ።

«እንግዲያማ አልፈራም። አንቺ ከቆምሽልኝ እተኛላቸዋለሁ።»

ወደ መጋረጃው ጀርባ ገብቼ ጆሮዬን ወደ ነጠላው አስጠጋሁ። እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ። ስሟ የለም። ጆሮ ይሆናል ባልኩት በኩል ተጠግቼ «ወለተ ሐና» አልኩት። የሰኞውን ጸሎት አላቋረጠም፤ ያልሰጡትን አይጨምርም። ስንዱ ከሳሎን «አሜን» ስትል ይሰማኛል። ምን ላይ አሜን እንደምትል የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቀዶ ጥገናው ለሐሙስ ተቀጠረ። ረቡዕ ጠዋት የነፍስ አባታችን መምሬ ይትባረክ ለስንዱ ጸሎት ሊያደርሱና ቤቱን ጸበል ሊረጩ መጡ። ሳሎኑን ረጭተው ሲያበቁ መጋረጃውን ገለጥ አደረጉ። እኔ ጸበሉን የያዘውን ጎድጓዳ ሳህን ይዤ ከኋላቸው ነኝ።

«ማናት?» አሉ ቀስ ብለው።

«ነጠላዬ ነው አባቴ።»

«እሱንማ አያለሁ።» ጥቂት አዳመጡ። «ዛሬ ረቡዕ መስሎኝ።»

«ረቡዕ ነው።»

«የሰኞውን ነው እኮ የሚያደርሰው።»

«ጥዬው የወጣሁት ሰኞ ነው» አልኩ። ዓይኔን ከሳህኑ ላይ አላነሳሁም።

ጸበሉን ረጩት። ጠብታዎቹ ነጠላው ላይ ጥቂት ቆዩና ሰመጡ። «ሌላ ቤትም አይቻለሁ» አሉ። «የሰውየውን ስም አልነግርሽም። የሱ ጋቢ ነው፤ ዓርብ ላይ ነው የቀረው።»

«ምን ላድርግ አባቴ?»

«ግቢበት።»

«ደግሞ እወጣለሁ።»

«ትወጫለሽ። ስትወጪ ተመልሰሽ ግቢ። እኔስ መች ዳንኩ? ባለፈው እሑድ ቅዳሴ ላይ ቆሜ፣ ልቤ ደጅ ወጥታ ጫማዬን ስትጠብቅ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረኝ ተወስዶብኛላ።» መጋረጃውን መልሰው ሸፈኑት። «ልጄ፣ እህትሽ የያዘችው ያንቺን እጅ ነው፤ የነጠላውን አይደለም።»

ሐሙስ ጠዋት መኩሪያ ስንዱን ይዞ ሄደ። ሆስፒታሉ ከአንድ አስታማሚ በላይ አያስገባም፤ የደሟ ዓይነት ከእሱ ጋር ስለሚገጥም እሱ ቢሆን ይሻላል ተባለ። ስንዱ በር ላይ ዞር አለች።

«ሦስት ሰዓት ላይ ነው የሚጀምሩት። ያኔ ቁሚልኝ።»

«እቆማለሁ።»

መጋረጃውን ስገልጥ ነጠላው ሳላራግፈው ቀድሞኝ ቆሟል። ጥለቱ ወደ ላይ ሆኗል። ሴቶች ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው የሚለብሱት ሐዘን ሲገቡ ነው። በቤታችን የሞተ ሰው አልነበረም።

ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ውስጡ ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ እንደ ከረመ ቤት ይቀዘቅዛል። ትከሻው ላይ ሰፍቶኛል፤ ሌላ ሰው ሲለብሰው የኖረ ልብስ ይመስላል። አማተብኩ። የሰኞው ድምፅ መሐል ላይ ቆመ። የሐሙሱን ጀመርኩ፤ ወለተ ሐናንም በስሟ ጠራሁ። ድምፄን ከሰማሁት ቆይቼ ስለነበር አፈርኩ።

ጥቂት እንደሄድኩ ስንዱ ስትመለስ የምትጠጣው አጥሚት ትዝ አለኝ፤ ገብስ መኖሩን አላየሁም። ወደ ታች ስመለከት ቀኝ እግሬ ከነጠላው ወጥቶ ወደ ጓዳ ዞሯል። መለስኩት። ከዚያ ያልተከፈተው መስኮት መጣ፣ ከዚያ የዘጠነኛ ክፍል ፈተና መጣ። እግሬ ወጣ፤ መለስኩት። እየደጋገመ ወጣ፤ እየደጋገምኩ መለስኩት። አልተቆጣሁትም፤ በወጣ ቁጥር ጸሎቱን ከመጀመሪያው ስለምጀምር ግን ረፋዱ አለፈ።

«አስካለ፣ ውሃ መጣ» አሉ እማማ ደብሪቱ።

በቤቱ ጠብታ ውሃ አልነበረም። በሽተኛ ሊመለስ ነው። ሁለቱም እግሮቼ ተነሱ። ነጠላውን ከደረቴ ላይ ጨብጬ ይዤ ቀጠልኩ። ይህን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ስልኩ ጮኸ። ለመኩሪያ የለየሁለት ጥሪ ነው። በዚያ ሰዓት የሚደውልበት አንድ ጉዳይ ብቻ ነበረው። የምጸልይላት እህቴ እንዴት እንደሆነች ለማወቅ፣ ለእሷ መጸለዬን ማቋረጥ ነበረብኝ።

አልወጣሁም። ስሟን ደግሜ ጠራሁ።

«መጣሁ እማማ» አለ ድምፄ ከደጅ።

እኔ ከጸሎቱ በቀር ቃል አልተነፈስኩም። የጀሪካን ኳኳታ ተሰማ፤ ከዚያ ውሃ ሲወርድ።

«ዛሬስ ፈጠንሽ» አሉ እማማ ደብሪቱ።

«ምን ላድርግ፣ ሲጠሩኝ እወጣለሁ» አለ ድምፄ። ሳቁም የእኔ ሳቅ ነው።

እርጥብ እግር ወለሉን እየረገጠ ገባ። ስልኩ ጩኸቱን አቆመ።

«አቤት» አለ ድምፄ ከመጋረጃው ማዶ። «እ… መቼ… እሺ። እሺ መኩሪያ።»

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። በድምፄ የምታወራው እሷ አውቃለች፤ እኔ አላወቅኩም። ዞር ብል ትነግረኝ ነበር። ከሐሙሱ ጸሎት የቀረኝ ግን ጥቂት አልነበረም። አንድም ቃል ሳልዘል እስከ መጨረሻው አደረስኩት።

ስጨርስ ጥለቱ ወደ ታች ወርዶ ጉልበቴን ነክቶታል። ከበሩ ሥር ጀሪካኖቹ ሞልተው፣ ክዳናቸው ተጠምዝዞ ተደርድረዋል። ቤቱ ውስጥ ከእኔ በቀር ማንም የለም። ስልኩን አንስቼ ደወልኩ።

«እንዴት ናት?»

«ነገርኩሽ እኮ» አለ መኩሪያ። «በሰላም ወጥታለች፣ ትንፋሿም ደህና ነው። ቅድም ስነግርሽ ‹እሺ፣ እሺ› ብለሽ ዘጋሽብኝ፤ አሁን ደግሞ ታለቅሻለሽ?»

«እንደገና ልስማው ብዬ ነው።»

ስንዱ አሁን ሳሎናችን ውስጥ ናት። ድምጿ ሻክሯል፤ መስታወት ታነሳና አንገቷን እየዳበሰች «ይችማ ማናት» ትላለች። ጠዋት ከመጋረጃው ጀርባ ስሟን ስጠራ አሜን ትላለች፤ እኔም ምን ላይ እንደምትል አውቃለሁ። እግሬ ዛሬም ይወጣል፤ እመልሰዋለሁ።

እኔ ስጸልይ የቤቱ ሥራ ይሠራል። ወተቱ ይወርዳል፣ ሽንኩርት ይገዛል፣ የፈተናው ወረቀት በእጅ ጽሕፈቴ ይታረማል። መኩሪያ በግቢው ውስጥ በእኔ ድምፅ ከምትመልስለት ጋር ሲያወራ እሰማለሁ፤ ስለ ሸሚዙ ነው። አልዞርም።

ጸሎቴን ስጨርስ ወለሉን አየዋለሁ። ከቧንቧው ተነስቶ በሳሎኑ በኩል የመጣ እርጥብ የእግር ዱካ አለ፤ የእኔ እግር ልክ ነው። የሚመለስ ዱካ የለም። መጀመሪያ ሰሞን መጋረጃው ጋ ይቆም ነበር፤ ኋላ ከወንበሩ አለፈ። ዛሬ ጠዋት የዱካው ጣቶች ከነጠላው ጥለት ሥር፣ ከተረከዜ ጎን ነበሩ። ውሃው ገና አልደረቀም።