የቢግስ ክርስትና እናት

ዶኛ ቶማሳ ለክርስትናው ስትቆም የሰፋሪው የቢግስ ግራ ጉንጭ ማበጡን አይታ ነበር። ጥርሱን ያመመው መስሏት «ምስኪን፣ በዚህ ዕድሜው!» ብላ አዘነችለት እንጂ ሌላ ነገር አልጠረጠረችም። የገባት አባ ሩፔርቶ ጠበሉን አፍስሰው፣ ቅባቱን ቀብተው፣ «አሜን» ካሉ በኋላ ነው። ቢግስ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ወጣና እንትፍ ሲል ቡናማው ምራቅ የባሏ የክሪሳንቶ ጫማ ላይ አረፈ።

ትምባሆ! ክርስትና የተነሣው ትምባሆ በጉንጩ ይዞ ነው።

ይህ ሌላ ቤት ቢሆን ተስቆበት ያልፍ ነበር። ክሪሳንቶ ግን የጉምሩክ ጠባቂ ነው። የመንግሥት ትምባሆ ገለባ ገለባ ይላል፤ ይህኛው ሞላሰስ ሞላሰስ ሸተተ። ቀረጥ ሳይከፈልበት በጀልባ ከሉዊዚያና የገባ መሆኑን አፍንጫ ያለው ሁሉ ያውቃል።

«ክሪሳንቶ፣ ዛሬን እንኳ ተው» አለች እጅጌውን ይዛ።

«ሕግ ሕግ ነው!»

«ልጃችን እኮ ነው! አሁን ክርስትና አነሣነው!»

«ልጄ ከሆነማ መቅጣት የኔ ፋንታ ነው» ብሎ፣ በሁለት ራስ የሚበልጠውን ሰው በክርኑ ይዞ እየጎተተ ወደ ጉምሩኩ ወሰደው። ጉምሩክ የሚባለው የራሷ የቶማሳ ቤት ጓዳ ነው።

ሜክሲኮ ከሰሜን፣ ከአሜሪካ ለሚመጡ ሰዎች በግዛቷ በቴክሳስ መሬት የምትሰጠው ካቶሊክ ለሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ቄስ ብቅ ባሉ ቁጥር ሰፋሪዎቹ ተሰልፈው ይጠመቃሉ፤ የመንደሩ ሰው ደግሞ ክርስትና ያነሣል። ዛሬም ቶማሳ በሠላሳ ዓመቷ ጢማም፣ ሽበታም ልጅ አገኘች። ጎረቤቶቿም እንዲሁ።

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር የፈራችው መጣ። ሰፋሪዎቹ ጠመንጃ ይዘው በሯ ላይ ተሰበሰቡ። የጠዋቱ ጠበል ገና ከጸጉራቸው አልደረቀም።

«ቢግስን ልቀቁ!»

ቶማሳ ሴት ልጆቿን አልጋ ሥር ከተተች። ባሏ ሲገደል፣ ቤቱ ሲነድ፣ ልጆቿ ለልመና ሲወጡ ታያት። ጥቁር ቀሚሷን ብል እንደበላውም ትዝ አላትና፣ «ምን ለብሼ ላለቅስ ነው?» ብላ ተጨማሪ ጭንቀት ያዛት።

ግን ማንም አልተኮሰም። መጀመሪያ ሰብሳቢ መረጡ።

እነዚህ ሰዎች ያለ ስብሰባ ማስነጠስ አይችሉም። ባለፈው ላም ጉድጓድ ብትገባባቸው ኮሚቴ አቋቁመው ሲከራከሩ፣ ላሟ ሰልችቷት ራሷ ወጥታ ሄደች። አሁንም የማን ሠራዊት ኮሎኔል እንደሆነ የማይታወቀው ኮሎኔል ላቲመር በርሜል ላይ ወጣ።

«ስንመጣ ቀረጥ የለም አላችሁን፤ አሁን ቀረጥ አመጣችሁ! ካቶሊክ ሁኑ አላችሁን፤ ሆንን! ወንድሞቻችን እንዳይከተሉን ድንበር ዘጋችሁ! ባሪያ ክልክል ነው አላችሁን!»

ቶማሳ ፍርሃቷን ረስታ በመስኮት ብቅ አለች። «መቼ ፈታችኋቸው? የዘጠና ዘጠኝ ዓመት ቅጥር ሠራተኞች ናቸው ብላችሁ አስፈርማችኋቸው የለም እንዴ? ማቱሳላን ነው የቀጠራችሁት?»

ኮሎኔሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይህ ጉዳይ ለንዑስ ኮሚቴ ይመራ።»

«ጉምሩኩ ይቃጠል የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ!» አለ አንድ ቀይ ጢም።

«እደግፋለሁ!»

«ማሻሻያ አለኝ፤ ለጊዜው በሩ ብቻ ይቃጠል።»

በሩ ብቻ ወይስ ቤቱ በሙሉ በሚለው ክርክር ተጀመረ። ቶማሳ ድምፅ እስኪሰጥ አልጠበቀችም። በጓሮ ሾልካ ጎረቤቷ ዶኛ ኒኮላሳ ዘንድ ሮጠች። አሮጊቷ የተዘረጋ ገበታ ፊት ተቀምጣ ትነጫነጫለች። ክርስትና የተነሣ ሰው በዕለቱ ካነሣችው እናት ገበታ ካልቀመሰ ለእሷ ትልቅ ውርደት ነው።

«አበልጄ፣ ልጅሽ የታለ?»

«ኮሎኔሉን ነው? እኔ ምን አውቄ! ዶሮዬ ሊደርቅ ነው።»

«ቤቴን ሊያቃጥል መጥቷል።»

«ሳይበላ?» አለች ኒኮላሳ፣ ማማሰያዋን አንሥታ ተነሣች።

ወሬው ከደጅ ደጅ በረረ። የመንደሩ ሴቶች መቀነታቸውን እያጠበቁ መጡ። ኒኮላሳ ቁመቷ ከኮሎኔሉ ወገብ አያልፍም፤ እሱ በርሜል ላይ ስለነበር ጆሮውን ማግኘት አልቻለችምና ጉልበቱን በማማሰያ አለችው።

«ውረድ! ዶሮው ደረቀ!»

«እመቤቴ፣ ስብሰባ ላይ ነን...»

«እናትህ ነኝ! ጠመንጃ ይዘህ ገበታዬ አትቀርብም፤ እዚያ ግድግዳው ላይ አስደግፈው!»

ኮሎኔሉ አስደገፈው። ከዚያ በኋላ ማን ይቆማል? እያንዳንዷ የራሷን ጢማም እየለየች፣ ጠመንጃውን እያስደገፈች፣ እየገፋች፣ «ምነው ከሳህ?» እያለች ወሰደችው። አደባባዩ ላይ ቀይ ጢሙ ብቻውን ቀረ።

«ምልዓተ ጉባኤ አልተሟላም!» ብሎ ጮኸ። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «የኔዋ እናት አልመጣችም?» አለ።

«ጉልበቷን ያማታል፤ አንተው ሂድላት» አለችው ቶማሳ። ሄደ።

ጓዳ ስትገባ ክሪሳንቶና ቢግስ ፊት ለፊት ተፋጠዋል።

«አፍህን ክፈት!» ይላል ክሪሳንቶ። «ማስረጃው አፉ ውስጥ ነው፤ እስካሁን አልተፋውም!»

ቶማሳ በበቆሎ ሊጥ ሥጋ ጠቅልላ የቀቀለችውን ትኩስ ታማሌ በሳህን አቀረበች። «ብላ ልጄ።»

ቢግስ ሳህኑን አየ፣ ክሪሳንቶን አየ። ቢተፋ ወንጀለኛ ነው፤ ባይበላ ባለጌ ነው። ዓይኑን ጨፈነና ትምባሆውን ዋጠ። ፊቱ መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ ሆነ።

«ማስረጃውስ?» አለ ክሪሳንቶ።

«በላው። ግባና ፈልገው» አለችው ቶማሳ።

ክሪሳንቶ ብዙ አሰበ። ማስረጃ ከሌለ ክስ የለም። ቢግስን «ነፃ ነህ» አለው፤ ቢግስ ግን መቆም አቅቶት ከተወረሱት ጆንያዎች ላይ ተጋደመና «እናቴ!» እያለ ማቃሰት ጀመረ።

ቶማሳ ግን አልተረጋጋችም። «ነገስ? ነገ የጥምቀት ግብዣ የለም። ጠግበው፣ ተሟልተው ቢመጡስ?»

«ነገ የነገ ነው።»

ለእሷ ነገ የዛሬ ነው። ወደ ደጅ ወጣች። ጠመንጃዎቹ ባለቤቶቻቸው እንዳስደገፏቸው ግድግዳዋ ላይ ተደርድረዋል። እየተሸከመች አስገባቻቸው፤ ጥቂቱን አልጋ ሥር፣ የቀረውን ምድጃው ጎን አደረገች። ከአልጋ ሥር የወጡት ልጆቿ እየሳቁ አቀበሏት።

ክሪሳንቶ ዓይኑ ፈጠጠ። «ቶማሳ፣ እነዚህ እኮ ቀረጥ ያልተከፈለባቸው...»

«ዝም በል» አለችና በሩን ሁለቴ ቆለፈችው።