የአንድ ደቂቃ ሰላምታ

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ያለምወርቅ ከአርማጭሆ በእግሯ ሱዳን ስትገባ፣ ጠረፉ ላይ ስደተኛ የሚያጓጉዙ ሎሪዎች ሲጭኑ በነበረው ግርግር የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇን ማሬን ሌላ ሎሪ ጭኗት ሄደ። ወዴት እንደ ሄደ የሚያውቅ አልተገኘም። ያለምወርቅ ገዳሪፍ አጠገብ ባለው መጠለያ ሦስት ወር ሙሉ፣ መኪና በመጣ ቁጥር እየሮጠች ስታይ ከረመች።

አንድ ቀን መጠለያው ተናወጠ። አደም መጣ! አደም ማለት ዓርብ ዓርብ ማታ በቴሌቪዥን እንግዳ እየጋበዘ የሚያጫውት፣ መሀል ላይ ደግሞ ራሱ ተነሥቶ የሚዘፍን፣ ሱዳን በሙሉ ያበደለት ዘፋኝ ነው። በእሱ ቀን ሻይ ቤት መቀመጫ አይገኝም። የዚያን ሳምንት እንግዶቹ ዘመድ የጠፋባቸው ስደተኞች እንዲሆኑ ፈልጎ ካሜራውን አስጭኖ መጣ። ለአንድ ሰው አንድ ደቂቃ፤ ስም፣ አገር፣ የጠፋው ሰው፣ በቃ።

አስተርጓሚው ታምሬ ነበር፤ ፋሽጋ በሚባለው የሱዳን እርሻ ሰሊጥ ሲያጭድ ዓረብኛ የለመደ የመተማ ልጅ። ምላሱ አያርፍም። ሰው ገና "ስሜ" ሲል እሱ በዓረብኛ ያንበለብለዋል፤ የተናጋሪው ድምፅ ተውጦ ይቀራል።

የያለምወርቅ ተራ ሲደርስ ነጠላዋን አስተካክላ፣ "ይኸ ነገር የት ይደርሳል?" አለችው።

"ሱዳን ውስጥ ያለ ቤት ሁሉ ይገባል፣ እትየ። ያላ፣ ቶሎ በይ!"

ምነው ባልነገራት! ሰው ቤት ገብቶ ሰላም ሳይሉ ችግርን መዘርገፍ ባደገችበት አገር ነውር ነው። ያውም ስንት ቤት! እጅ ነሥታ ጀመረች።

"እንደምን ሰነበታችሁ? ደኅና ናችሁ ወይ? ልጆቻችሁ ደኅና ናቸው? አዛውንቶቹስ? ከብቶቹስ? ማሽላውስ እንዴት ያዘላችሁ? ያገራችሁን እህል አብልታችሁናል፣ እግዜር ይስጥልን..."

ታምሬ ወደ ጉዳዩ እስክትገባ ብሎ አፉን ዘግቶ ጠበቀ። አደምም ጨክኖ ሊያቋርጣት አልቻለም፤ ቋንቋው ሳይገባው አንገቱን እየነቀነቀ ሰማት። "እንግዲህ እኔን ያመጣኝ ጉዳይ..." ስትል ካሜራው ቆመ።

"ወይኔ እትየ! የልጅሽን ስም እንኳ!" ታምሬ ራሱን ያዘ።

ያለምወርቅ ድንኳኗ ገብታ ተኛች። ልጇን ለሁለተኛ ጊዜ፣ ያውም በገዛ አፏ ያጠፋቻት መሰላት። አልወርድ ቢላት የተሰፈረላትን እህል ለጎረቤት ሰጠች።

ዓርብ አለፈ። ሰኞ ረፋዱ ላይ ፋው ከሚባል ከተማ የመጣ ሎሪ ቆመ፤ ራሒማ የምትባል፣ ፋው ከከተመች ብዙ ዓመት የሆናት ሐበሻ ሻይ ሻጭ ወረደች። ከኋላዋ ማሬ ወረደች።

ያለምወርቅ የምትሆነው ጠፋት። ፊቷን ዳበሰች፣ እጇን ሳመች፣ እንደገና ፊቷን ዳበሰች። ደስታው ከአቅሟ በላይ ሆኖባት፣ "ማን ነገረሽ እዚህ መሆኔን?" አለች።

"የመጠለያውን ስም አደም ሲናገር እኔ ሰምቻለሁ" አለች ራሒማ። "እናቷ መሆንሽን ግን ማንም አልነገራት።"

"ከመጋረጃ ጀርባ ብርጭቆ ሳጥብ ነበር" አለች ማሬ። "ቴሌቪዥኑ አይታየኝም፤ ዓረብኛውም አይገባኝም። ሰው ሁሉ በዓረብኛ ሲያወራ ቆይቶ፣ ድንገት ያንቺ ድምፅ መጣ፣ እማየ። ብቻውን። ልጆቻችሁ ደኅና ናቸው ወይ አልሽ።"

"እና ምን አደረግሽ?"

"መለስኩልሽ እንጂ። ሻይ ቤቱ ሙሉ ሰው እየሳቀብኝ፣ ደኅና ነኝ እማየ፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልኩሽ።"