አራት ጣት ትርፍ

«ጋሼ፣ ሰማዩን አየኸው?» አለች ፀዲ፣ የንፍሮውን ሰሃን ለአጎቷ ዘርግታ።

ገሠሠ ያየው ገና ጠዋት ነው። በሺሺንዳ በኩል የተቆለለው ደመና ሰባት አገር አስገብሮ ስምንተኛውን ሊወጋ የሚገሰግስ ሠራዊት ይመስላል። የቦንጋ ዝናብ ደግሞ እንደ ሌላው አገር ዝናብ ጠብ ጠብ ብሎ ደጅ አያንኳኳም። አንድ ስኒ ቡና ፉት እስኪባል ወንዝ ሠርቶ፣ ድልድይ በልቶ፣ በሬ ከነቀንበሩ አሻግሮ፣ መልሶ ፀሐይ ያወጣና «ምነው፣ ምን ሆናችሁ?» ይላል።

«እሱ ደመና የኛ አይደለም» አላት። «ለዋጫ ከተማ የተላከ ነው።»

ፀዲ አልሳቀችም። አባቷ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ዓይኗ ለቀስተኛው ከተቀመጠበት የእድር ድንኳን አልፎ ቤቱ ላይ አረፈ። ቤቱ ጣሪያ የለውም። አዲሶቹ ቋሚዎችና ወራጆች እንደ ከሳ በሬ ጎድን ተገትረዋል፤ ቆርቆሮው በሙሉ አጥሩ ሥር ተነባብሮ ተኝቷል። እናቷ በዛወርቅ ከሴቶቹ ጋር ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ፣ ቀና ስትል የምታየው ሰማይ ነው።

ቆርቆሮውን ያወረደው ገሠሠ ነው። በአንድ ቀን፣ ሁሉንም።

ታላቅ ወንድሙ ወልደሥላሴ ዕድሜውን ሙሉ መሬት ሲለካ የኖረ ቀያሽ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ጣሪያውን ከፍ አስደርጎ፣ ከሥሩ ቆጥ አስወጥቶ አንድ ክፍል መጨመር አማረው። አናጢው መቼም ያው ወንድሙ ነው።

«ግማሽ ግማሹን እያነሣን ብንሠራውስ?» አለ ወልደሥላሴ፣ በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ።

«ግማሽ? እኔ ገሠሠ? ጅማ ላይ የባለ አራት ፎቅ ጣሪያ ጠዋት ገልብጬ ማታ ያለበስኩ ሰው?»

ጅማ ላይ የገለበጠው የአንድ ዳቦ ቤት ጣሪያ ነበር፤ እሱም ሁለት ሳምንት ፈጅቶበታል።

«ሸራ እንኳ እንግዛ።»

«ሸራ የፈሪ ነው። በየካቲት ማን ያዘንባል? አንዲት ጠብታ ቤትህ ከገባች ስሜን ቀይረው!»

ወልደሥላሴ ሳይለካ አይናገርም፤ ገሠሠ ሳይናገር አይለካም። አንዱ ሌላውን ሳያርም ሃምሳ ዓመት ኖረዋል።

ሥራው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ወልደሥላሴ አቮካዶው ሥር ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ላይ ሲያይ፣ «የግራው ቋሚ ትንሽ ዘመም ብሏል» አለ።

«ዓይንህ ነው ዘመም ያለው!» አለ ገሠሠ ከወራጁ ላይ ሆኖ፣ ቤት ውስጥም የማያወልቀውን ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ። መልስ ሲያጣ ዘወር አለ። የወንድሙ አገጭ ደረቱ ላይ ወድቋል።

ልብ ነው ተባለ። ሳጥኑን ገሠሠ ራሱ ሠራው፤ ለቆጡ ወለል በተገዛው ጣውላ፣ በሟቹ ሜትር። ሦስት ጊዜ ለካ። በሕይወቱ ሦስት ጊዜ የለካው ነገር እሱ ብቻ ነው።

አሁን ነፋሱ የድንኳኑን ጫፍ ሲያንሳፍፈው ብድግ አለና ወደ ቆርቆሮው ሄደ። መዶሻውን ገና ሲያነሣ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተክለጻድቅ ከዘራቸውን ዘርግተው መንገዱን ዘጉበት።

«ሠልስት ሳይወጣ? አብደሃል እንዴ? ለቅሶ ቤት መዶሻ የሚሰማው ለሳጥን ብቻ ነው። ትናንት መታህ፤ ይብቃህ።»

«ጋሽ ተክለጻድቅ፣ ግድግዳው ጭቃ ነው እኮ። ከአናቱ ውሃ ከገባበት ስኳር ይበሉት።»

«ሁለተኛ ሬሳ ልትጠራብን ነው? ነገ ሠልስቱ ይውጣና ከፈለግህ ከተማውን ሁሉ ምታው።»

ከሴቶቹ በኩል ሹክሹክታ መጣ፤ «የቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ።» ገሠሠ ሰማ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለአንዷ ተረት ሦስት ይመልስ ነበር።

በዛወርቅ በሩ ላይ ቆማ ጠራችው።

«ገሠሠ፣ ለኔ አትጨነቅ። ሰው ቢረጥብ ይደርቃል። ግድግዳውን ግን እሱ ነው በእግሩ ያቦካው። ፀዲን አርግዤ፣ ‹አንቺ እንዳትነኪ› ብሎ ብቻውን። በጓዳ በኩል የጣቱ አሻራ እስካሁን ምርጊቱ ላይ አለ።»

ገሠሠ ቤቱን አየ። ድንኳኑን አየ። ከዚያ አፉን ዘግቶ በእርምጃ መለካት ጀመረ። ያዩት ሁሉ ሐዘን አእምሮውን ነካው ብለው አንገታቸውን ነቀነቁ። ቤቱ አሥር እርምጃ በሰባት ነው፤ ድንኳኑ አሥራ አራት በአሥር።

«ድንኳኑን ቤቱ ላይ እንትከለው» አለ።

ጋሽ ተክለጻድቅ ሳቅ መጣባቸው፤ ለቅሶ ነውና ዋጡት። «ድንኳን የለቀስተኛ ነው እንጂ የግድግዳ አይደለም። ሕዝቡስ የት ይግባ?»

«እቤት!»

«እዚያች ሳሎን? ይህ ሁሉ ሰው?»

«ሁለት ሺህ ሰው አስ...» ብሎ ጀመረና ተወው። ድምፁ ዝቅ አለ። «ጋሽ ተክለጻድቅ፣ ያውቁኛል፤ ውሸታም ነኝ። ቢታ ገነት ላይ የሌለኝን ቪላ መሥራት ከጀመርኩ ስንት ዓመቴ ነው? አንዲት ጠብታ አይገባም ብዬዋለሁ። ካወራሁት ሁሉ ይቺ አንዷ እውነት ትሁንልኝ።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው የመጀመሪያውን ገመድ ራሳቸው ፈቱ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቦንጋ መቶ ዓመት ታወራዋለች። ወንዱ ጋቢውን አሸርጦ ሸራውን ሲጎትት ምድር ከመሠረቷ ተነቃነቀች። ሚስማር የለ፣ መዶሻ የለ፤ ገመድ ብቻ። ጫፉን በድንጋይ፣ በአጥሩ እንጨት፣ በአቮካዶው ግንድ አሰሩት። ከፍ ያለው ወራጅ ስቦት ሸራው ያልደረሰበትን ጥግ ሴቶቹ ከጓሮ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው ደራርበው ሸፈኑት። የመጨረሻው ቋጠሮ ሲጠብቅ ሰማዩ ተቀደደ።

ሕዝቡ ገባ። ሳሎኑ፣ ጓዳው፣ መኝታ ቤቱ ጉልበት ለጉልበት ሞላ። ሰሃን ማዞሪያ ጠፍቶ ንፍሮው በእፍኝ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

«ወልደሥላሴ በሕይወቱ ይህን ያህል ሰው ቤቱ አስገብቶ አያውቅም» አለ አንዱ።

«እሱማ ለክቶ ነበር የሚያስገባው» አለ ሌላው።

በዛወርቅ ሳቀች። ሳቋ መሐል መንገድ ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ።

ገሠሠ መሰላሉን ወጥቶ፣ ሸራው ላይ የሚጠራቀመውን ውሃ ከሥር በመጥረጊያ እንጨት እየገፋ ወደ ውጭ ያፈስሳል። የቆጡ ወለል ጣውላ ለሳጥን ስለሄደ የሚረማመደው በአግዳሚዎቹ ላይ ነው። ከጥግ ጥግ ሦስት ጊዜ ከተመላለሰ በኋላ ነው ልብ ያለው። አንድም ጊዜ አላጎነበሰም።

ገሠሠ ረጅም ነው። እሱ እንደሚያወራው ቀጭኔ አክስቱ ናት፤ እውነቱም ከዚያ ብዙ አያንስም። የቦንጋ በር ሁሉ ግንባሩን ያውቀዋል። ከገበያው ጀርባ በተከራያት ክፍል የሚተኛው እንደ ሜትር ተጣጥፎ ነው። ወልደሥላሴ ግን «እስቲ ያንን ቪላህን አሳየኝ» ብሎት አያውቅም።

አንዱ ቋሚ ላይ ሁለት የእርሳስ መስመሮች አሉ። ሥራው የተጀመረ ዕለት ነው የተሠመሩት።

«ቀጥ ብለህ ቁም» ብሎት ነበር ወንድሙ፤ አናቱ በሚደርስበት ላይ አንዱን አሠመረ።

«ይህ ሁሉ ከፍታ ምን ይሠራልሃል? አንተ እኮ በርጩማ ነህ!»

«ሰው ይኖርበታል።»

«ማን?»

«እንግዳ ነዋ።» ከዚያ ሁለተኛውን መስመር ከፍ አድርጎ ጨመረ። «አራት ጣት ትርፍ። ለባርኔጣ።»

ገሠሠ ያን ጊዜ ከት ብሎ ሳቀ። ቤት ገብቶ ባርኔጣውን የማያወልቅ ምን ዓይነት ባለጌ እንግዳ ነው? በቦንጋ እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ መሆኑ ትዝም አላለውም።

ዝናቡ እንደ አመጣጡ በአንዴ ቀጥ አለ።

«ጋሼ፣ ገባ እንዴ?» አለች ፀዲ ከታች።

አፉ «ምን ሲደረግ!» ለማለት ተከፍቶ ነበር። ዘጋው። መዳፉን በግድግዳው አናት ላይ እየሳበ አራቱንም ማዕዘን ዞረ። ጭቃው ደረቅ ነው። የግራው ቋሚ ጋ ሲደርስ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየው። በእርግጥም ትንሽ ዘመም ብሏል።

«አንዲት ጠብታ አልገባም» አላት። «ነገ ከሠልስቱ በኋላ የግራውን ቋሚ አቃናለሁ።»

ወንድሙ ከሞተ ጀምሮ ኮቱ ውስጥ የሸጎጠውን ባርኔጣውን አወጣ። ጭምድዱን አቃንቶ ራሱ ላይ ደፋው፤ መስመሮቹ ካሉበት ቋሚ ጋር ጀርባውን ገጥሞ ቀጥ ብሎ ቆመ። ባርኔጣው ምንም አልነካም። አንድ ትንፋሽ ያህል እንደዚያ ቆየና፣ ሐዘን ላይ መሆኑ ትዝ ሲለው፣ አወለቀው።