ያልተጠራው ቀዛፊ

ከዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች የአንዷ ልጆች ነን። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ውስጥ ሰባት ቤተሰብ እንሆናለን። የደሴታችን ታሪክ የተጻፈበት መጽሐፍ የለም፤ የምንይዘው በሙት ዓመት ነው። ሐይቁ የበላቸው ሰዎች ስም በየዓመቱ ይነበባል፣ "ነፍስ ይማር" ይባላል፣ በቃ። ታንኳ ሲሰጥም የሞተ ቀዛፊ ግን ስሙ አይነበብም። ሰው አስበልቷል ይባላል። ሌላው ሰው "ሙት ወቃሽ አያድርገኝ" ይላል፤ እኛ በየዓመቱ ተሰብስበን ሙት እንወቅሳለን።

አባቴ ወርቅነህ ቀዛፊ ነበር። የሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ጭኖ ታንኳው ተገለበጠ። ከዘጠኝ ሰው ጋር እሱም አብሮ ሞተ። የተረፉት ጋሼ ጀማነህ ብቻ ናቸው። ከዚያ ወዲህ እማዬ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ ገለል ይሉ ነበር፤ ሰርግ የሚጠራትም አልነበረም። እዚያው ደሴቷ ላይ አረጀች፤ ሰባ ሁለት ዓመት ሞላት፤ ልቧም ደከመ። ከመሞቷ በፊት የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ የባሏ ስም ሲጠራ መስማት።

ዝርዝሩን የሚያነቡት ደግሞ ማን ይመስላችኋል? እኚሁ ጋሼ ጀማነህ! ኮሎምበስ ከገባሁ ጀምሮ አሥራ አራት ዓመት ለመንኳቸው። "ደንብ ነው፣ አፀደ" ይሉኛል። ደንብ! ውቅያኖስ ተሻግሮ ኦሃዮ ድረስ የሚከተል ምን ዓይነት ደንብ ነው?

ኮሮና በገባ ዓመት እሳቸውንም ይዟቸው ሁለት ሳምንት ሆስፒታል ተኝተው ወጡ። ብሌንደን ታውንሺፕ ቤታቸው ሄድኩና ማስኬን እንዳደረግሁ ከበረንዳው ራቅ ብዬ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ እንኳን እግዜር ማረዎት። የዘንድሮው ሙት ዓመት በዙም ነው። እማዬም በስልክ ትሰማለች። የአባቴን ስም እርስዎ ካላነበቡ እኔው ሚዩቴን አንስቼ፣ ድምፄን ከፍቼ አነባለሁ። ከዚያ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ!"

ወትሮ ይቆጡኝ ነበር። ያን ቀን መሬት መሬት ብቻ አዩ። ይባስ አናደዱኝ። ደህና ዋሉ እንኳ ሳልል መኪናዬን አስነስቼ ግሮቭ ሲቲ ሥራዬ ሄድኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሁላችንም ዙም ላይ ገባን። ለእማዬ ደወልኩላትና ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ ላፕቶፑ አጠገብ አስቀመጥኩት። ጋሼ ጀማነህ ነጠላቸውን አጣፍተው የቀደሙትን ሙታን ስም ካነበቡ በኋላ የዚያን ታንኳ ዘጠኙን ስም አነበቡ። ከየቤቱ "ነፍስ ይማር" ተባለ። ወረቀቱን አስቀመጡት። እኔ ሚዩቴን ላነሳ ጣቴን ዘርግቻለሁ።

"አሥረኛው ወርቅነህ ነው" አሉ።



"ነፋሱ ሲነሳ ወርቅነህ 'ዛሬ ውሃው አይሆንም፣ እዚሁ እንደር' ብሎ መቅዘፊያውን መሬት ጣለው። እኔ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ቤቴ ለመግባት ቸኩያለሁ። 'ፈሪ! መቅዘፊያውን ለሚስትህ ስጣት' አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀበት። ፊቱ ተለዋወጠ። መቅዘፊያውን አነሳና 'ግቡ' አለን።" ሳል ያዛቸው፤ እስኪተዋቸው ጠበቅን። "አርባ ሦስት ዓመት ዝም አልኩ። ሆስፒታል ተኝቼ ዓይኔ ላይ የነበረው እሱ ነው። ሰው ያስበላሁት እኔ ነኝ።"

ስሙ ሲጠራ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። የምን ደስታ! የመጣብኝ ንዴት ነው። ስንት ዓመት ዓይን ዓይኔን እያዩ "ደንብ ነው" ሲሉኝ የኖሩት ሰውዬ! ልጮህባቸው አፌን ስከፍት አንድ ሰው "ነፍስ ይማር" አለ። ሌላውም ተከተለ፤ ሰባቱም ቤት ለአባቴ "ነፍስ ይማር" አለ።

ወደ ስልኩ ጎንበስ አልኩ። "እማዬ፣ ሰማሽ? ስሙ ተጠራ እኮ!"

 

"ሰማሁ ልጄ" አለች። "ምነው ያን ቀን ፈሪ ሆኖ በቀረልኝ!"