ክፉ ሆኑ ብዬ የጻፍኩባቸው ሰው

በእኛ በእንግሊዞች አፍ መጥፎ ነገር አድራጊ የለውም። ወተት ራሱ ተነሥቶ ወደ ብልሽት ይሄዳል። ነጋዴ ወደ ኪሳራ፣ ሰው ወደ እብደት ይሄዳል። ሕመም ላይ ደግሞ እንወድቃለን፤ ማን ገፋችሁ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጠባይ ሲበላሽ ይዞራል፤ ትናንት ደግ የነበረው ዛሬ ወደ ክፉ ዞረ ይባላል፣ አለቀ። ወደ ደግነት ሄደ የተባለ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ይህን ከትምህርት ቤት አላገኘሁትም። አክሪንግተን በምትባለው ከተማችን በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ገላ ሳጥብና መዝገብ ስጽፍ ነው የገባኝ።

መዝገቡ ለእያንዳንዱ አረጋዊ አንድ ገጽ አለው። ፈረቃሽ ሲያልቅ የዋለበትን በአንድ መስመር ትጽፊያለሽ። አለቃችን ሚስ ላቲመር ገና የመጀመሪያ ቀን ቁጭ አድርጋ ነግራኛለች።

«ዶሪን፣ ሠራተኛው ያደረገውን አይደለም የምትጽፊው። አረጋዊው የሆነውን ነው።»

እኔም ተካንኩበት። አንዷን ሴትዮ እርጥብ አልጋ ላይ ረስተናት ስትጮህ ከዋለች፣ «ወደ ብስጭት ሄደች» ብዬ ኮቴን እለብሳለሁ። አውቶቡሱ በአራት ደቂቃ ውስጥ ይመጣል፤ ማን ቆሞ ዝርዝር ይጽፋል?

ስድስት ቁጥር ክፍል ውስጥ ስታንሊ ትዌይትና ባለቤታቸው ኤድና ይኖሩ ነበር። ስታንሊ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ሁለቱን አልጋ ገፍተው አንድ አድርገውታል። የኤድና እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ዳቦዋን ቅቤ ቀብተው፣ ቆርሰው ይሰጧትና እስክትጨርስ ይጠብቃሉ። አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ወጥ ቤት ያሉት ሳህን የሚያጥቡ ሴቶች በዚህ ነገር ሆዳቸው እያረረ ነው የሚውሉት።

ልጄ ኪሊ ያኔ እዚያው ለሦስት ወር ሙከራ ተቀጥራ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ሁለት ልጆች፣ ከሁለት ሥራ የተባረረች። አፏ ስለት ነው፣ ምን ላድርጋት፣ የወለድኳት እኔ ነኝ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት የኤድናን ሳህን ዳቦው ሳያልቅ አነሣች። ኤድና ጫፉን ያዘች። ኪሊ የኤድናን እጅ ቸብ አደረገች። ስታንሊ ከወንበራቸው ሳይነሡ የኪሊን የእጅ አንጓ ያዙና «አትንኪያት» አሉ። ይኸው ነው። ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

አንሶላ ማስቀመጫ ክፍሉ ውስጥ ኪሊ ተከትላኝ ገባች።

«እማዬ፣ አንቺ ጻፊው።»

«እጇን መታሻት እኮ።»

«ነካ አደረግኳት እንጂ መቼ መታሁ? የሞተች አስመሰልሽው።»

«ኪሊ።»

«እሺ ጻፊው፣ ልጄ መታቻት ብለሽ ጻፊ። አርብ ሲያባርሩኝ ልጆቼን ይዤ ሳሎንሽ እገባለሁ፤ ሶፋው ላይ ታስተኛቸዋለሽ።»

ጻፍኩ። «ስታንሊ ቁርስ ላይ ወደ ክፉ ዞሩ። የሠራተኛ እጅ ያዙ።» አሥር ሰከንድ አልፈጀብኝም።

ነገሩ እዚያ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ግን በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ፣ ውሃው ቀዝቅዞ ሲያጉረመርሙ፣ ማሞቂያው ተበላሽቶ እንደነበር ከመጻፍ «ወደ ክፉ ዞሩ» ማለት ስለሚያጥር ይህንኑ ጽፌባቸው ነበር። ማክሰኞ ሦስተኛው ሆነ። በቤቱ ልማድ ሦስት ጊዜ ወደ ክፉ የዞረ ሰው ገምጋሚ ይጠራበታል። ገምጋሚው ደግሞ ይቆዩ ካላለ፣ መንገዱ አእምሯቸው የታወከ አረጋውያን ወደሚጠበቁበት፣ በሩ ወደሚቆለፍ ቤት ነው።

ገምጋሚዋ ሐሙስ መጣች። መዝገቡን ግማሽ ሰዓት አነበበች፣ ሰውየውን አምስት ደቂቃ አየች።

«ሚስቴን ጥዬ የትም አልሄድም» አሉ ስታንሊ። «ዶሪን ቆማ ታይ ነበር። እሷን ጠይቂያት።»

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረች። ኪሊ በሩ ጋ ትሪ ይዛ ቆማለች። ስታንሊ ደግሞ እንዲህ ረጋ ብለው ያዩኛል፣ እውነቱን እንደምናገር እርግጠኛ ሆነው። እሱ ነው የባሰብኝ፤ ቢጠራጠሩኝ ይሻለኝ ነበር።

«የጻፍኩት አለ» አልኩ።

ሰኞ ወደዚያ ቤት ወሰዷቸው። አልጋዎቹን እኔው ለያየሁ። ኤድና ጠዋት ጠዋት «ስታንሊ የት ሄደ?» ትላለች፤ በመዝገቧ ላይ «ወደ መደናገር ሄደች» ብለን እንጽፋለን። ዳቦዋን የሚቆርስላት ስለሌለ ትታዋለች። «ከምግብ ራቀች» ብዬ ጻፍኩ። በአምስት ሳምንት ውስጥ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ ተንጠለጠለ።

እኔም እንቅልፍ አጣሁ። ሚስ ላቲመርን ለምኜ በዕረፍቴ ቀን ኤድናን ወደ ስታንሊ እንድወስዳት ተፈቀደልኝ። በልቤ የቆረጥኩት ነገር ነበር፤ የኪሊ ሙከራ ሊያልቅ አሥር ቀን ቢቀረውም፣ ስታንሊን ሳገኝ ለዚያ ቤት ነርስ እውነቱን እነግራታለሁ አልኩ። ኤድና ሰማያዊ ባርኔጣዋን አድርጋ፣ እሳቸው የሚወዱትን የዝንጅብል ብስኩት ይዛ ታክሲ ውስጥ ገባች። መንገዱን ሙሉ «ደረስን?» ትለኛለች። ስንደርስ ተሽከርካሪ ወንበር እስካመጣላት ታክሲው ውስጥ ትቻት ገባሁ።

ስታንሊ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ጢማቸውን የላጫቸው የለም። ነርሷ እስክሪብቶዋን ይዛ ቀረብ ብላ ቆመች። ገና ሳልቀመጥ ጠየቁኝ።

«የልጅሽ እጅ ዳነላት ወይ?»

«ስታንሊ፣ ምንም አልሆነችም።»

«መዝገቡን አንብበውልኛል። ሦስት ጊዜ ይላል።» እጃቸውን እያገላበጡ አዩት። «እኔ ትዝ የሚለኝ ሌላ ነው። ሳህኑን ስትቀማት፣ እጇን ስትመታት ነው ትዝ የሚለኝ። ግን አንቺ ሐሰት የምትጽፊ ሰው አይደለሽም። እንግዲያው ጭንቅላቴ ነው የሄደው ማለት ነው።»

አፌን ከፈትኩ።

«ኤድናን አታምጪብኝ፣ የኔ ልጅ» አሉ። «ያልሆነ ነገር አይቼ የሰው እጅ ከያዝኩ፣ እሷንስ አንድ ቀን ብጎዳትስ? የሷ አጥንት የወፍ አጥንት ነው። እለምንሻለሁ፣ አታምጪያት።»

ነርሷ ጻፍ ጻፍ አደረገች። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነበር የሚበቃው። ያዩት እውነት ነው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ይህችን ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? አሥሩን ቀን ቆጠርኩ። ኪሊ ልጆቿን ይዛ ሳሎኔ ስትገባ ታየኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሶፋውም ታየኝ።

«እንደሱ ሳይሻል አይቀርም ስታንሊ» አልኳቸው።

አመሰገኑኝ። እጄን ይዘው አመሰገኑኝ።

ወጣሁና ለሾፌሩ መልሰን ወደ አክሪንግተን አልኩት። ኤድና ብስኩቱን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ናት።

«ምነው? ስታንሊ የለም?»

«አሉ። ግን ዛሬ ወደ ክፉ ዞረዋል፣ ኤድና። ማንንም ማየት አይፈልጉም።»

«እኔንም?»

«አንቺንም።»

ከዚያ ባርኔጣዋን አውልቃ ብስኩቱ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያን ቀን በኋላ የት ሄደ ብላ ጠይቃ አታውቅም፤ እኔም በመዝገቧ ላይ «ተረጋጋች» ብዬ ጻፍኩ።