የማሩ ማርሚታ

ቁስቋም ሰፈር ውስጥ የማሩን አንጀት የሚያሳርረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ አምሐ። ነገሩ ከልጅነት ይጀምራል። የማሩ አባት የኔታ ወልደኢየሱስ ዐይነ ስውር የዜማ መምህር ናቸው፤ አምሐ ደግሞ ከተማሪዎቻቸው ሁሉ መረዋ ድምፅ የነበረው ነው። እሱ ሲያዜም የኔታ «እሰይ!» ይሉ ነበር። ማሩ ሲያዜም ግን ጉሮሯቸውን ይጠራርጋሉ። ያችን «እሰይ» ማሩ ጢም አውጥቶም አልረሳት።

ሁለቱም ዜማውን ትተው ሙሽራ አመላላሽ ሆኑ። ያም አልበቃ ብሎ ማኪኖቻቸው መንትያ ናቸው፤ ባለሁለት በር፣ አሮጌ፣ ጣሊያን ሠራሽ የስፖርት ማኪኖች። የማሩዋ ዳገት ስትወጣ እንኳ ዝግ ብላ ነው የምታጉረመርም። የኔታ ገና ከታች ኩርባው ላይ ሲሰሟት መቋሚያቸውን ይዘው በሩን ሊከፍቱ ይወጣሉ።

አምሐ ግን ድምፅ አፋኙን ማርሚታ አስቆርጦ ባዶ ቧንቧ አስገጠመ። ከዚያ ወዲያ እሱ ሲያልፍ የቤቱ ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፣ ጎረምሳው ያፏጫል። ማሩ ይህንንስ በቻለው ነበር። አንድ ቀን ግን ያ ጩኸት ሲያልፍ አባቱን ከመደቡ ተነሥተው፣ ጆሯቸውን ወደ መንገዱ ጥለው አገኛቸው።

«ምነው አባቴ፣ ምን እየሰሙ ነው?»

«ይኸ አምሐ ነዋ» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

ማሩ ድብን አለ። አሁንም አምሐ! ቅንዓት ለአጥንት ነቀዝ መሆኑን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቃሉ ይወጣዋል፤ ምን ዋጋ አለው።

በማግስቱ አዘዞ ወርዶ በያጁን አያ ምንዳዬን «ይቁረጡልኝ፤ ከአምሐዋ አስበልጠው ያስጩኹልኝ» አላቸው።

«ማርሚታው ሸጋ ነው፤ ምን አደረገህ? አምሐ ራሱ በጩኸቱ ተማሮ ማርሚታ ይፈልጉልኝ እያለኝ ነው። ሚስቱ አራስ ናት፤ ሕፃኑ እየባነነ አስቸገራቸው።»

ማሩ በደስታ ሳቀ። «እንግዲያው ይኸን ይግጠሙለት! እኔ የጣልሁትን ያንሣ!»

ማርሚታዋ ተቆርጦ ሲያስነሣት የጋራዡ ዶሮዎች ተበታተኑ። እንዲያ እየተኮሰች ማክሰኝት ሠርግ ወሰዳት፤ በማግስቱም ወደ ቁስቋም ተመለሰ። መንገዱን ሙሉ ያሰበው አንዲቱን «እሰይ» ነበር።

ደጃፉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ግቢው ውስጥ የአምሐ ማኪና ቆማለች፤ ከሥሯ የማሩ ማርሚታ ተገጥሞላታል። አምሐ የኔታን ለልጁ ክርስትና ሊጠራ መጥቶ ነው። የኔታ ግን የማኪናዋን አፍንጫ እየዳበሱ፣ ፊታቸው በርቶ ነበር።

«እሰይ ልጄ! በደኅና ገባህልኝ?»

«የኔታ፣ እኔ እኮ...» አለ አምሐ አፍሮ። የቀረውን ደጃፉ የደረሰው የማሩ ማኪና ጩኸት ዋጠው።

የኔታ ፊታቸውን አኮማትረው በሩን ያዙ። «ይኸ አምሐ ደግሞ መጣ! ባለፈ ባገደመ ቁጥር የልጄን ማኪና ድምፅ ይሸፍንብኛል፤ ስንቴ ተነሥቼ፣ ጆሮዬን ጥዬ ደክሜአለሁ። ግባ ልጄ፣ ልዝጋበት።»

«አባቴ፣ እኔ ነኝ!» አለ ማሩ ከመሪው ላይ ሆኖ። ድምፁን ራሱም አልሰማውም። ተጣድፎ ሞተሩን ሲያጠፋ በሩ ተዘግቶ ነበር።